አልጣሽ በመነጽሩ ወደ ኋላ ስትዞር

ፍኖተ ሰላም ገበያ ገብታችሁ እትዬ አልጣሽን ለማግኘት ስም መጥራት አያስፈልጋችሁም። በርበሬ ተራ ስትደርሱ ሁሉም ሰው ያነጥሳል፤ ሻጩም፣ ገዢውም፣ ጭነት የሚያወርደውም፣ አህያውም ሳይቀር። በዚያ ሁሉ መካከል ሳታነጥስ ቁጭ ብላ የምትስቅ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ካያችሁ እሷ ናት። ሂዱና ሰላም በሏት። እጇን ከጨበጣችሁ ግን እስክትታጠቡ ድረስ ዓይናችሁን አትንኩ፤ ነግሬያችኋለሁ!

እኔ ጎረቤቷ ነኝ። ግድግዳችን አንድ ነው፤ እሷ ቤት ድስት ሲከደን እኔ ቤት ይሰማል። ታሪኳን ልጽፍ ነው ስላት የያዘችውን የበርበሬ ዛላ መቀንጠስ አቆመች።

«ምኔን ነው የምትጽፊው?»

«ሁሉንም።»

«እሱንም?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ዛላውን ቀነጠሰችና ቁናው ውስጥ ጣለችው። «ጻፊው እንግዲህ፤ የገዳሙን ስም ከጠራሽ ግን አልቀብርሽም!» አለችና ሳቀች። ስለዚህ የገዳሙን ስም አልጠራም። የሱንም የምንኩስና ስም አልጠራም፤ እውነቱን ለመናገር አላውቀውም። እሷም አታውቀውም።

አልጣሽ የቡሬ ገጠር ልጅ ናት። ባሏ ገብረሰንበት ይባል ነበር፤ የበርበሬ ገበሬ ነው፣ ረጅም፣ ንግግር የማያበዛ። እሷ ለሁለት ታወራለች፣ እሱ ለሁለት ያዳምጣል፤ ቤቱ በዚህ ይኖር ነበር። በደርግ ጊዜ ማንበብ ስለሚችል የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ አድርገውት ሠርቷል። ኢሕአዴግ ገብቶ በሰማንያ ዘጠኝ የመሬት ድልድሉ ሲመጣ «ቢሮክራት ነው» ተባለ፤ ለደርግ ላገለገለ ሁሉ የሚሰጥ ስም ነበር። አልጣሽ ቃሉን ሰምታው አታውቅም። «የበሽታ ስም መስሎኝ ነበር» ትላለች። «ጤነኛ ነው እኮ! ብየ ለስብሰባው ተነሥቸ መሰከርሁለት። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።»

የበርበሬ ማሳቸው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ልጅ አልነበራቸውም። ገብረሰንበት አልተጣላም፣ አልከሰሰም። ቀን የቀረችለትን መሬት ያርሳል፣ ሲመሽ ዳዊቱን ይደግማል። በዓመቱ አንድ ቀን የንስሐ አባታቸውን ይዞ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ባለትዳሩን ሚስቱ ካልፈቀደች አታመነኩስም። ቄሱ አልጣሽን አስቀምጠው «ትፈቅጅለታለሽ ወይ?» ብለው ጠየቋት።

«ምን አልሽ?» ብያታለሁ አንድ ቀን።

«ሂድ አልሁ። ሰው እንዲያ ተከቦ ሲጠየቅ ሂድ ይላል እኮ። እሽ ብሎ ሲነሣ ነው የደነገጥሁት።»

ሰው ሲመነኩስ ፍትሐት ይፈታለታል፤ ለዓለም ሞተ ማለት ነው። አልጣሽ ፍትሐቱ የደረሰበትን ቀን ጠይቃ አወቀችና በዚያ ቀን ጥቁር ለበሰች። ዘመድ አዝማድ ተቆጣ፤ «ያልሞተ ሰው ምን ጥቁር ያስለብሳል?» አላት። «ተፈትቶ የለም እንዴ?» አለች። አገሬው ግራ ገባው። አንዳንዱ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይላታል፣ አንዳንዱ «እንኳን ለዚህ ክብር አበቃልሽ» ይላታል፤ ለሁለቱም አሜን ትላለች። በኋላ ያንን ሁሉ ጥላ ፍኖተ ሰላም ገባችና በርበሬ መነገድ ጀመረች። ሽማግሌ የላኩባትም ነበሩ። «ባለትዳር ነሽ ወይስ ባልሽ ሞቷል?» ሲሏት «እንደ ጠያቂው ነው» ብላ ትስቃለች። ሻሹ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

ከሱ ወገን አንድም ወሬ አልመጣም፤ እሷም አልላከችም። ሙት ይላክበታል ወይ? ሃያ ዓመት እንዲህ ሄደ።

ያምሮት ወደዚህ ታሪክ የገባችው በተከራይነት ነው። የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ እዚህ ከተማ ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ የአልጣሽን የጓሮ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ባሕር ዳር ምናለ የሚባል ጓደኛ አላት፤ ሁለቱ ሆነው አንድ ሥራ ጀምረዋል። ዱላ ላይ የምትሰካ፣ ብርቱካን የምታህል ካሜራ አለቻቸው። ይህች ካሜራ ፊትና ኋላ የላትም፤ ዙሪያዋን ያለውን ሁሉ፣ ሰማዩንም መሬቱንም፣ ባንድ ጊዜ ትወስዳለች። የወሰደችውን ስልክ ውስጥ ይከቱታል፤ ስልኩን ትልቅ ጥቁር መነጽር ውስጥ ይሰኩታል። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ቦታው ላይ የቆመ ያህል ነው፤ ቀና ሲል ሰማዩን ያያል፣ ዞር ሲል ከኋላው ያለውን ያያል።

«ምናባዊ እውነታ ይባላል» አለችን ያምሮት።

«ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» አለች አልጣሽ።

ሐሳቡ ደግ ሐሳብ ነው። እግራቸው የደከመ ሰዎች የሚመኙትን ገዳም ቤታቸው ቁጭ ብለው እንዲያዩት ነው። ምናለ ሴት ከማይገባበት አንድ ገዳም ገብቶ ቀርጾ መጣ። ሁለቱ ይህንን ባሕር ዳር ኤግዚቢሽን ላይ ሊያሳዩት ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን በሰው መሞከር ያስፈልጋል ተባለ። መሞከሪያዎቹ እኛ ሆንን።

የጥር ማርያም ነበረች፣ በ2010 ዓ.ም.። ማኅበራችን በአልጣሽ ቤት ነው። ከበላን ከጠጣን በኋላ ያምሮት መነጽሩን ይዛ ገባች። እንደ ትንሽ ቀፎ ነው፣ በላስቲክ ከጭንቅላት ጋር ይታሰራል።

«ሴት የማይገባበት ነው አልሽ?» አለች ወለተ ሐና፣ የማኅበራችን ሙሴ ናት፣ ሥርዓት የምታስከብር። «ታዲያ በምን ሒሳብ ልንገባ ነው?»

«አይገቡም እትዬ፤ ያያሉ እንጂ።»

«የተከለከለው እግራችን ነው ዓይናችን?»

ሁላችንም ወደ ማኅበራችን አባት፣ ወደ ቄስ አምላኩ ዞርን። ቄስ አምላኩ ነገር ሲከብዳቸው መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ወለወሉ፣ ወለወሉና «እኔ የማውቀው በር ያለውን ነገር ነው» አሉ። «በር ካለው ግቡም አትግቡም እላለሁ። የዚህ በሩ በየት ነው?»

በሩን ያሳያቸው ሰው አልተገኘም። ባለቤት ናትና አልጣሽ ትጀምር ተባለ። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች።

«እትዬ አልጣሽ፣ ጫማው ምን አደረገ?» አለች ያምሮት እየሳቀች።

«ገዳም አይደለም እንዴ?»

እኛም አየናትና ጫማችንን አወለቅን። ገና ተራችን ሳይደርስ!

መነጽሩ ታሰረላት። «ፊት ለፊት ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ይታይዎታል?» አለቻት ያምሮት።

«እግዚኦ! ጉልላቱ... ይሄ ዛፍ ጽድ ነው? ልነካው ነው እኮ!» እጇን ዘርግታ የወለተ ሐናን አፍንጫ ነካች። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እኛ በኋላ በየተራችን ስናይ ፊት ለፊት ብቻ ነው ያየነው፤ ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆሞ ማን ወደ ኋላ ይዞራል? አልጣሽ ግን የገበያ ሴት ናት። በርበሬ ተራ ጀርባውን የረሳ ሰው ከኋላው ከጆንያው ይዘገንበታል። ስለዚህ ስትሸጥም፣ ስትስቅም፣ ሰላምታ ስትሰጥም በየመሃሉ ዞር ትላለች። እዚያም ዞረች።

ዞራ ቀረች።

«እትዬ፣ ወደዚህ ነው እኮ ቤተ ክርስቲያኑ» ትላለች ያምሮት። አትሰማም። ፊቷ ወደ ግድግዳው፣ ወደኔ ቤት፣ አፏ ትንሽ ከፈት ብሎ። መነጽሩን ስታወልቅ ጉንጯ ርሷል። ጠርዙን በመዳፏ ጠርጋ ለወለተ ሐና ሰጠቻት።

አሁን የሚመጣውን ስጽፍ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው፤ ይቅር በሉኝ። ወለተ ሐና መነጽሩን ባጠለቀች ባፍታ ውስጥ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ኧረ እናቴ! ኧረ ማርያም!» ማልቀስ ጀመረች። ቀጥላ አስካለ ማርያም አደረገችው፤ እሷማ ባሏ ሲሞት ጠብ ያላለላት ሴት ናት፣ ወገቧን ይዛ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። ቄስ አምላኩ ራሳቸው «እንዲያው ለማየት ያህል» ብለው አጠለቁትና ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ። ወሬው ቀበሌውን ዞረ፤ መነጽሩ ያስለቅሳል፣ ጸጋ አለበት ተባለ፤ ከውጭ ሰው ይሰበሰብ ጀመር። ያምሮት በደስታ ልትበር ደረሰች። «ይሄን ያህል ስሜት ይቀሰቅሳል ብለን አልጠበቅንም!» እያለች ለምናለ ትደውላለች። በመጨረሻ «እስቲ እኔም ልየው» ብላ መነጽሩን ዓይኗ ላይ አደረገችና «ዋይ! ዓይኔን!» ብላ ወረወረችው።

በርበሬ ነው። አልጣሽ በዋዜማው ስትቀነጥስ የዋለችበት እጅ፣ ታጥባው እንኳ ያልለቀቃት በርበሬ፣ የመነጽሩን ዙሪያ ይዞታል።

ያን ዕለት እስከ ማታ ሳቅን። በሳቁ መሃል ግን አንድ ነገር ሁላችንም አመለጠን። አልጣሽ በበርበሬ አታለቅስም። ዓይኗ ከለመደው ዘመን አልፎታል። በዚያ ቤት ከነበረው ሰው ሁሉ የራሷን እንባ ያለቀሰች እሷ ብቻ ነበረች፣ የኛም እንባ ሸፈነላት።

ከዚያ በኋላ ሲመሻሽ ከገበያ ስትገባ የያምሮትን በር ታንኳኳለች። «እስቲ ያንን ነገር አንዴ።» እጇን በሎሚና በሳሙና አሽታ ነው የምትመጣው። ያምሮትም ደስ ይላታል፣ ትሰጣታለች። አልጣሽ ቤቷ ይዛው ትገባና በርጩማዋን ወደ ግድግዳችን አዙራ ትቀመጣለች። እኔ በዚህኛው ወገን ሆኜ እሰማለሁ። መጀመሪያ በርጩማው ሲጢጥ ይላል። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ባል እንደምታናግር ሴት፣ «ዞር በል እስቲ» ትላለች። «አንዴ ዞር በል።»

ጸሎት ነው ብዬ ነበር። ጸሎት ግን እንዲህ አይባልም።

በርበሬ ተራ ደንበኞቿ ይጠይቁኝ ጀመር፤ «አልጣሽ ታመመች እንዴ?» ይሉኛል። ጠዋት ዘግይታ ትወጣለች፣ ገና ጥላ ሳይዞር ጠቅልላ ትገባለች። እህል ውኃ ብዙም አትል። አንድ ቀን ገባሁባትና «አንች፣ ማንን ነው ዞር በል የምትይው?» አልኋት። ያምሮትም እዚያው ነበረች።

ተናገረች። ቤተ ክርስቲያኑን ጀርባ ሰጥቶ የቆመ ሰው የእንጨት ክምር ያያል። እዚያ ወይባ የለበሱ አንድ ረጅም መነኩሴ ግንድ ሊያነሡ ይመጣሉ። ከማንሣታቸው በፊት ግንዱን በእግራቸው ነካ ያደርጉታል፣ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋሉ፣ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳለ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ያነሡታል። ቀና ሲሉ ወይባቸውን ወደ ፊታቸው ይስቡና ዞረው ይሄዳሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ገብረሰንበት ነው» አለች አልጣሽ። «ወንድሙን በልጅነታቸው ከእንጨት ክምር ውስጥ እባብ ነድፎበታል። ጎጃም ውስጥ እንጨት ረግጦ የሚያነሣ ሰው ሞልቷል፤ አንገቱን እንዲያ አድርጎ የሚያዳምጥ ግን እሱ ነው። ፊቱን ብቻ ፀሐይ ሆኖበት ሸፈነው። አንዴ ቢዞርልኝ።»

ያምሮት ተነሥታ አቀፈቻት። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ እንደገና አለቀሰች። «እትዬ አልጣሽ! ለዚህ እኮ ነው የሠራነው! ለዚህ ነው!» ምናለን ጠራችው፣ በማግሥቱ ከባሕር ዳር መጣ። ቀጭን ልጅ ነው፣ ትሕትናው ደስ ይላል፣ ሲያወራ እጁ አያርፍም። እሱ ደግሞ ከዚያ የበለጠ አመጣ። መነኩሴውን ከምስሉ ውስጥ ለብቻቸው ቆርጦ አወጣቸው። ስልኩን ቀና አድርጎ ቤቱን ሲያሳይ፣ በስልኩ መስታወት የአልጣሽ ቤት እንዳለ ይታያል፤ መደቡ፣ የበርበሬው ጆንያ፣ በሩ፣ እና በጆንያውና በበሩ መካከል ገብረሰንበት ቆሟል።

ያን ጊዜ የአልጣሽን ፊት ብታዩት! ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ሙሽራ ቆመች።

«ግባ እንጂ» አለችው። «ምን በር ላይ ትገተራለህ?»

ግንዱ ተቆርጦ ቀርቷል፤ መነኩሴው ባዶ መሬት ነካ አደረጉ፣ አዳመጡ፣ ባዶ እጃቸውን አነሡ፣ ፊታቸውን ሸፈኑ፣ ዞሩ። ከዚያ እንደገና በሩ ጋ። ነካ፣ ማዳመጥ፣ ማንሣት፣ መሸፈን። እንደገና። አልጣሽ እያየች ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ሄደ። ስልኩን አወረደችና በሩን በባዶ ዓይኗ አየችው፤ ማንም የለም። መልሳ አነሣችው፤ አለ።

«ምናለ፣ ልጀ» አለች። «ቤቴ እኮ ጣሪያ አለው። እዚህ ፀሐይ የለም።»

«አዎ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ይሸፍነዋል?»

ምናለ አልገባውም መሰለኝ፣ ስለ ብርሃንና ስለ ጥላ ማስረዳት ጀመረ። አቋረጠችው። «እዚያስ ፀሐይ ነበር? ጥላ ውስጥ አይደል የቆመው? እኔ በየማታው ሳየው ፀሐይ ነው እያልሁ ራሴን ሳሞኝ ነው የከረምሁት። ስትቀርጸው አይቶሃል?»

«አባቶች ሁሉ ያውቃሉ እትዬ፤ አበምኔቱ ፈቅደውልናል።»

«አበምኔቱን አልጠየቅሁህም።»

ምናለ ወደ ያምሮት ተመለከተ። እጁ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ። «እሳቸው ትንሽ... ደስ አላላቸውም። ነገር ተናግረዋል። ካሜራዋ ዙሪያውን ስለምትወስድ ከፊት እንጂ ከኋላ ማን እንዳለ አይታወቅም። በኋላ ሳየው ድምፁን አወጣሁና በገና አስገባሁበት፣ ሰው ቅር እንዳይለው።»

«ይሄን አልነገርኸኝም!» አለች ያምሮት።

«ትንሽ ነገር ነው ብየ ነው።»

«ድምፁ አለ?» አለች አልጣሽ።

ምናለ ቦርሳውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«ድምፁ አለ ወይ ነው የምለው!»

«ላፕቶፑ ላይ አለ» አለ ምናለ፣ ወደ መሬት እያየ።

ያምሮት እጇን ያዘቻት። «እትዬ፣ አይስሙት። ይቅርብዎ።»

«ሃያ ዓመት እኮ ነው፣ ያምሮት። ‹ደህና ሁኝ› ብሎኝ ሄዶ።»

ምናለ ከፈተው። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ነበር፣ ወፎች፣ ከሩቅ የሚጠረብ እንጨት። ከዚያ ቅርብ፣ ለስላሳ፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ መጣ።

«ልጀ፣ እኔን ተወኝ። ሞቻለሁ ብየ የመጣሁ ሰው ነኝ። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ።»

በቃ። ከዚያ እንደገና ነፋሱ።

አልጣሽ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ስትከፍተው ምን እንደምትል ሁላችንም ፈርተናል። እሷ ግን ፊቷ ላይ የመጣው፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ሰው በስሙ ሲጠራ እንደሚመጣው ነገር ነው።

«እኔን እኮ ነው» አለች። «‹የሚያውቀኝ ሰው› ያለው እኔን ነው። ከኔ ሌላ ማን ያውቀዋል?»

እንደገና እንዲከፍትላት ልትለምን ነው ብዬ ጠበቅሁ። እጇ ወደ ላፕቶፑ ሄዶም ነበር። ክዳኑን ያዘችና ዘጋችው።

«አጥፉት» አለች።

«እሺ እትዬ፣ ከስልኩ...»

«ከሁሉም።»

እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። ኤግዚቢሽኑ ደርሷል፣ ከዚህ ሌላ የሚያሳዩት የላቸውም፤ ዓመት ሙሉ የለፉበት ነው። ቀረጻው ደግሞ ዙሪያውን አንድ ነው፣ የኋላውን ቆርጦ የፊቱን ማስቀረት አይመችም አሉ። ያምሮት መላ አመጣች፤ «ፊታቸውን እናደበዝዘዋለን፤ ማንም አያውቃቸውም» አለች።

«ፊቱን መች አየሁትና ነው?» አለች አልጣሽ። «እኔ በፊቱ ነው ያወቅሁት? በጭስ ውስጥ ቢሄድ አውቀዋለሁ እኔ!»

ያምሮት ተወችው። ምናለ ግን አልተወም። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ሥራው ነው። «እትዬ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ እሳቸው እንደሆነ ይህን አያዩትም። እርስዎም ደስ ብሎዎታል። ማን ተጎዳ? እርስዎ ጋ ብቻ ይቅር፣ ለሌላ ሰው አናሳይም። እዚሁ ቤትዎ ውስጥ፣ በፈለጉት ሰዓት።»

በግድግዳው ስሰማት የከረምሁ እኔ ይህች ቃል የት እንደምትገባ አውቃለሁ። በፈለጉት ሰዓት! እኔ ብሆን እሽ እል ነበር። አልጣሽ ዞረች። በሩን አየችው፣ ባዶውን በር።

«ትፈቅጅለታለሽ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ሂድ ብየዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ከልቤ አልነበረም። አፌ ነው ያለው። ሃያ ዓመት ሙሉ አፌ ነው እንጂ እኔ አላልሁም ስል ኖርሁ። አሁን ደግሞ በፊት በር ሸኝቸው በጓሮ ልግባበት? የገባሁበት እንኳ ሳያውቅ? አይሆንም፣ ልጀ። ያኔ አፌ ያለውን ዛሬ እኔ እላለሁ። ይሂድ።»

ያምሮት ነች ያጠፋችው። ምናለ አላገዛትም፤ ቆሞ ግን አልከለከላትም። ለመጨረሻው፣ ከስልኩ ከማጥፋቷ በፊት፣ መነጽሩን ለአልጣሽ ዘረጋችላት። «አንዴ ይሰናበቱት» አለቻት።

አልጣሽ ተቀበለችና አጠለቀችው። ጫማዋን አውልቃ ነበር፤ መቼ እንዳወለቀች አላየሁም። ፊት ለፊት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለከተች። ተሳለመች። አንገቷ ሲንቀጠቀጥ አየዋለሁ፤ ያ የገበያ አንገት፣ ዞር ማለት የለመደ። በጉልበቷ ላይ ያሉት እጆቿ ቀሚሷን ጨምድደው ይዘዋል። ጨርሳ እስክታወልቀው አልዞረችም።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ምን አሳዩ ትሉኝ ይሆናል። የቡሬን የበርበሬ ገበያ ቀርጸው ሄዱ! ካሜራዋን ከመትከላቸው በፊት ያምሮት ዙሪያውን እየዞረች «ይቺ ከኋላም ታያለች፤ መታየት የማይፈልግ ይንገረኝ» እያለች ሰው ሁሉ እስኪስቅባት ጠየቀች። አልፈልግም ያለ አንድ ሽማግሌ ስለነበረ ገበያው እስኪበተን ጠብቀው፣ እሱ ከሄደ በኋላ የቀረውን ሰው ቀረጹ። ሽልማት አላገኙም። «ገበያው ሳስቷል» ተብለው ተመለሱ።

ምናለን ግን አንድ ነገር አላስተኛው አለ። ከፋሲካ በኋላ ካሜራ ሳይዝ ወደ ገዳሙ ሄደና እኒያን መነኩሴ አግኝቶ ይቅርታ ጠየቀ። ሲመለስ በፍኖተ ሰላም አለፈ። እኔም እዚያው ነበርሁ፤ የሚኒባሱን ድምፅ ስሰማ ነው የመጣሁት፣ አልዋሽም።

ገና ከበሩ ሳያልፍ አልጣሽ እጇን አነሣች። «እንዳትነግረኝ» አለችው። «አግኝተኸዋል?»

«አግኝቻቸዋለሁ።»

«ይቅር ብሎሃል?»

«ብለውኛል።»

«በቃ። ከዚህ በኋላ አንድ ቃል እንዳትናገር፤ ይሂድ ብየ ቃል ገብቻለሁ። ተቀመጥ፣ ርቦህ ይሆናል።»

ምናለ ተቀመጠ። ሊናገር የፈለገው ነገር እንዳለ ያስታውቅ ነበር። እኔ ልጠይቀው አልሁና የአልጣሽን ዓይን ፈርቼ ተውሁት። እሷ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሳህን ስታነሣ ይሰማል፣ ወጥ ስታወጣ ይሰማል። ከዚያ የሳህኑ ድምፅ ቆመ።

«ምናለ» አለች ከጓዳ ውስጥ፣ ሳትወጣ።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ጥርሱስ? ጥርሱ አለ?»

ምናለ እኔን አየኝ። «የላይኞቹ የሉም» አለ። «የታችኞቹ አሉ።»

ከጓዳው ሳቅ መጣ። መጀመሪያ ትንሽ፣ አፍ በእጅ እንደተያዘበት ሳቅ፣ ከዚያ ሙሉ፣ በርበሬ ተራ የምናውቀው የአልጣሽ ሳቅ። «ሸንኮራ ነው!» አለች እየሳቀች። «ቀን ከሌት ሲያላምጥ! ይረግፋል ብየው ነበር እኮ፣ ብየው ነበር!» ሳቋ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። እኛ ሁለታችን ምግቡን ሳይሆን እሷን እየጠበቅን ተቀመጥን፤ ወጡም እዚያው ጓዳ፣ እጇ ላይ ቀዘቀዘ።